አጎቴ በጎረቤት ቤት ብቻ የሞተበት በጋ

ባለፈው ክረምት ወደ መካነ ሰላም ስሄድ ሚኒባሱ ደጎሎ ላይ ቆሞ አንድ ሽማግሌ አሳፈረ። ዝናቡ መንገድ ላይ አግኝቷቸዋል። የለበሱት ባና ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ አጠገቤ ተቀምጠው ከትከሻቸው ሲያወርዱት የረጠበ የበግ ጠጉርና የጭስ ሽታ መኪናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ መስኮት ካልተከፈተ ሞትኩ አለች። የእሷ ሽቶ ከባናው የባሰ መሆኑን የነገራት የለም። እኔ ግን ነውር ባይሆን ኖሮ ጉንጬን እዚያ ባና ላይ አደርግ ነበር። የአያቴ ሽታ ነው። እስክንደርስ ድረስ ዝም ብዬ ሽታውን እየሳብኩ አንድ በጋ ሙሉ አስታወስኩ።

አምስተኛ ክፍል የገባሁበት በጋ ነው። ወላጆቼ ወግዲ ገጠር ውስጥ አራሾች ናቸው። እኛ ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ስለማያልፍ፣ መስከረም ላይ እናቴ መካነ ሰላም ከተማ ዳር ወደሚኖሩት አባቷ ቤት ወሰደችኝ። ትማሪያለሽ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ አባባን ትጠብቂያለሽ አለችኝ። መጠበቅ ሲባል የማውቀው ጥጃና ማሳ ነው። አያት እንዴት እንደሚጠበቅ መንገዱን በሙሉ ሳስብ ሄድኩ፤ አርጩሜ መያዝ ይኖርብኝ እንደሆነ እናቴን መጠየቅ ግን ፈራሁ።

ቤቱ ውስጥ ያሉት አባባና አክስቴ እታገኝ ብቻ ናቸው። እታገኝ የእናቴ ታናሽ ናት፤ አፏ ፈጣን፣ እጇ ከአፏ የፈጠነ። የሁሉም ታናሽ የሆነው አጎቴ ሙላት ሪያድ ነው፤ በግ የሚያረባ ሰው ዘንድ ይሠራል። አባባ መርሳት የጀመሩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው ይላሉ፤ እታገኝ ግን ከዚያም በፊት ጀምሯቸው ነበር፣ እኛ ነን ያላየነው ትላለች። ሐኪም ቤት ወስዳቸው ነበር። የመርሳት በሽታ ነው፣ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ አትከራከሯቸው፣ ብቻቸውንም አትተዋቸው ብለው መለሷት። ጠበልም ወሰደቻቸው። ጠበሉ ጉልበታቸውን አበረታው፤ መርሳቱ ግን ባለበት ቀረ። በፊት ደክመው ነበር የሚጠፉት፣ አሁን በርትተው ይጠፋሉ እያለች ትስቅ ነበር።

እንዳይጠፉ የድሮ በቅሏቸውን ቃጭል የግቢው በር ላይ አስራዋለች። ቃጭሉ ሲጮህ የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። አባባ ደግሞ በሰሙት ቁጥር በቅሎዋ መጣች፣ ገብስ ስጧት ይላሉ። እታገኝ አትከራከርም፤ ሰጥቻታለሁ አባባ ትላለች። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በቅሎዋን ፍለጋ ጓሮውን ሁሉ ዞሬያለሁ።

የአባባን ነገር ስንፍና አድርጌ ነው የወሰድኩት። እኔም የማባዛት ሰንጠረዥ ይጠፋኝ ነበር፤ እየደጋገምኩ ስለው ግን ያዝኩት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እንደ መምህር ፊታቸው ቆሜ እኔ ማነኝ እላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን በሟች እኅታቸው ስም ይጠሩኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእግር እስከ ራሴ ያዩኝና ራስሽን ካላወቅሽ እኔ ምን ላድርግሽ ይሉኛል። እታገኝ ከማድ ቤት ሆና በሳቅ ትፈርሳለች። ሬድዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ጤና ይስጥልን ሲል ግን አንድ ቀንም ሳይሳሳቱ ብድግ ብለው እጅ ነስተው ይመልሱለታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ገላ ማጠብ ነበር። ውሃውን ሲያዩ ይቆጣሉ፤ ሸሚዛቸውን ሊነጥቃቸው የመጣ ሌባ ያደርጉናል። ያኔ እታገኝ አንድ መላ ብቻ ነበራት። ሙላት እኮ እየመጣ ነው አባባ፣ እንዲህ ሆነው ያግኝዎት እንዴ ትላለች። አባባ ወዲያው ራሳቸውን ወደ ሳፋው ዝቅ ያደርጋሉ። አልበላም ያሉ ቀን፣ መድኃኒት አልውጥም ያሉ ቀን፣ ጥፍራቸውን አላስቆርጥም ያሉ ቀን፣ ሁሉንም የሚከፍተው የሙላት ስም ነው።

የእኔ ሥራ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። አባባ ባናቸውን ይደርባሉ፣ ከሞሰቡ ቁራሽ ዳቦ አንስተው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ከዚያ መነኸሪያ እንሄዳለን። ዳቦው የሙላት ነው፤ መንገደኛ ስለሆነ ይርበዋል። ከመነኸሪያው አጥር ሥር አንድ የተጋደመ ግንድ አለ፤ እዚያ ላይ ተቀምጠን ከደጎሎ በኩል የሚመጣውን መኪና እንጠብቃለን። መኪናው ከዚያ ስለሚመጣ ሪያድ ከደጎሎ ቀጥሎ ያለች ከተማ ትመስለኝ ነበር። መኪናው ሲቆም አባባ ብድግ ብለው የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። መጨረሻ ረዳቱ ይወርድና፣ አባባ እያዩት ያደገ ልጅ ነው፣ ዛሬ የለም አባባ፣ ነገ ይላቸዋል። እሺ ይላሉ። ዳቦው ተመልሶ ትራሳቸው ሥር ይገባል። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ ሻግቶ እታገኝ ደብቃ እስክትጥለው ድረስ እዚያው ነው።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ የአባ ይማም ግቢ ነው፤ መካከላችን የቁልቋል አጥር ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ከአባባ ጋር አብረው ሲያርሱ፣ አብረው ሽምግልና ሲቀመጡ ነው ያረጁት፤ አባባን በስማቸው ተሰማ ብለው የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። አባባ የኔን ስም ሲረሱ የእሳቸውን አይረሱም ነበር፤ ትንሽ ቀንቻለሁ።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሙላት ሪያድ ውስጥ ሞተ። በመኪና አደጋ ነው፤ እዚያው ተቀበረ። አብሮት የሚሠራ ልጅ የደወለው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ አባ ይማም ነው፤ በአገሩ ደንብ መርዶ በቀጥታ የሟች ቤት አይነገርም፣ ሌላ ሰው ሰምቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። አባ ይማም ወደ ወግዲ ላኩ። እናቴና አባቴ መጥተው እሳቸው ቤት ተደብቀው አደሩ። ይኼ ሰው እኮ ነገር አያስታውስም፣ ባንነግረውስ ያለ ዘመድ ነበር አሉ። አባ ይማም ናቸው እንቢ ያሉት። አባት ነው፣ ልጁን ማልቀስ መብቱ ነው ብለው ተቆጡ። እታገኝን የጠየቃት የለም፤ እሷም የምትረዳ ናትና።

ጠዋት ቃጭሉ ሲጮህ አባባ ወጡ ብዬ በርግጌ ተነሳሁ። በሩ ላይ ግን ሰው ሞልቷል፣ ከመካከላቸውም እናቴ አለች። ወደ ወግዲ ሊመልሱኝ የመጡ መሰለኝና ደብተሬን መሰብሰብ ጀመርኩ። የእታገኝን ጩኸት ስሰማ ነው ደብተሩን የጣልኩት።

አባባ እንደ ማንኛውም አባት አለቀሱ። የሚረሳ ሰው አይመስሉም ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ የሙላት ጃኬትና ፎቶግራፉ ወጣ፣ አባባ ፎቶውን አቅፈው ስሙን ሲጠሩ ድንኳኑ በሙሉ ተንሰቀሰቀ። ሠልስቱ አለፈና ድንኳኑ ፈረሰ። እናትና አባቴም ገብሱ ደርሶ ስለነበር ወደ አጨዳቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ባናቸውን ደርበው፣ ዳቦውን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ነይ፣ መኪናው እንዳያመልጠን አሉኝ። እታገኝ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አባባ፣ ሙላት ሞቷል እኮ፣ አልቅሰን ጨረስን አለቻቸው። መቼ አሏት። ከዚያ እንደ አዲስ ወደቁ። ጩኸቱ፣ ደረት መምታቱ፣ ስሙን መጥራቱ፣ ሁሉም እንደ መጀመሪያው ጠዋት ነበር።

ከዚያ በኋላ እታገኝ አልተናገረችም፤ ሰው ግን ይናገራል። በኛ አገር ለቅሶ በሦስት ቀን አያልቅም። ሳይሰማ የቆየ፣ አዝመራ ይዞት የዘገየ፣ ሁሉም ገበያ ሲወጣ ይደርሳል፤ ከላላ ወረዳ ያለች የአባባ የአክስት ልጅ በበቅሎ መጣች። ከበሩ ጀምራ ወይ ሙላቴ እያለች ነው የገባችው፤ ያለዚያማ ለቅሶ አልደረሰችም። አባባ እያንቀላፉ ነበር። ብድግ ብለው፣ ሙላት ምን ሆነ አሉ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሌላ ዘመድ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሰው አንድ ቀን የሚሰማውን መርዶ አባባ በየገበያው ቀን ይሰሙት ጀመር። እስኪረሱት ድረስ አይበሉም፤ ረስተው መብላት ሲጀምሩ ቃጭሉ ይጮሃል። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር የበሳሁላቸው እኔ ነኝ።

እታገኝ በስተመጨረሻ በሩ ላይ ቆመች። የመጣውን ሰው በደጅ እየተቀበለች፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ ተኝቷል ብላ ትመልሳለች። ለቅሶ ደራሽ ከበር የሚመለስበት ቤት ማንም አይቶ አያውቅም። አንድ የአባባ የወንድም ልጅ ከወግዲ መጥቶ በሩን ሲነፈግ ነጠላውን አጣፍቶ እዚያው መንገድ ላይ ካለቀሰ በኋላ ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ አይደለንም ብሏት ሄደ። እሷ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋው ቆየች። ከሁሉ የከፋው ግን ማልቀስ አለመቻሏ ይመስለኛል። አባባ ሲያለቅሱ እሷ አፅናኝ ናት፤ አባባ ሲረሱ ደግሞ ጥቁር ልብሷን አይተው ማን ሞተብሽ እንዳይሏት ቀይ ሹራብ ደርባበት ነበር። ከወንድሟ ጋር የሄደችበት መንገድ፣ አብረው የጠበቁት ከብት፣ አንዱንም አውጥታ ለመጥራት ጊዜ አላገኘችም።

በዚያ ቀን አባ ይማም በቁልቋሉ ክፍተት ገብተው መጡ። የዘመዱን ነገር ከመንገድ ሰምተዋል። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆዩና፣

«እታገኝ፣ ይንገሩት ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ» አሏት። «አሁን ለቅሶው እኔ ቤት ይቀመጥ። ደራሹ ሁሉ ወደኔ ይግባ። አንቺም መጥተሽ እዚያ አልቅሺ፤ አባትሽ አርፎ ይብላ።»

እታገኝ ቀይ ሹራቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

እንዲህ ሆነ። የአባ ይማም ባለቤት መንገዱ መታጠፊያ ላይ እየጠበቁ ለቅሶ ደራሹን ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። እዚያ ቤት ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፤ የእታገኝ ጥቁር ልብስ እዚያ ተሰቅሎ ይውላል። አባባን አብልታ፣ ለእኔ ወይ ለጎረቤት ልጅ ትታቸው ትሄዳለች። ጥቁሩን ትለብሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትታጠብና ቀይ ሹራቧን ለብሳ ትመለሳለች። ለቅሶ ደራሹም እዚያ አልቅሶ ሲያበቃ፣ ከፈለገ እኛ ቤት ገብቶ አባባን ስለ አዝመራው ይጠይቃል። ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን አባ ይማም ቤት ትተው ነው የሚመጡት። መስቀል ያንገቱ ሁሉ በሙስሊም ቤት ሙሾ ሲያወርዱ አንድም የገረመው ሰው አላየሁም።

እኔ ግን ነገሩን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። አጎቴ አባ ይማም ቤት ሞቷል፣ እኛ ቤት አልሞተም። ይኼ ለእኔ የሚጋጭ ነገር አልነበረም። በቁልቋሉ ክፍተት ወዲያ ስሻገር እተክዛለሁ፣ ወዲህ ስመለስ ይቀለኛል። እታገኝ ሙላት እየመጣ ነው እያለች የአባባን ራስ ስታጥብ ድምፅዋ ይሰበር ነበር፤ እኔ ግን ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው እል ነበር። መነኸሪያ ስሄድም የምሬን ነው የምጠብቀው። ረዳቱ የሙላትን መሞት ሰምቷል፤ አገር ነው የሰማው። ግን እንደ ድሮው ይወርድና ነገ አባባ ይላል፤ ፊቴን ግን አያይም።

አርባው የነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። ጾም በመሆኑ ነገሩ ቀለለ፤ ሥጋ ስለሌለ የእስላሙ ማዕድ፣ የክርስቲያኑ ማዕድ ብሎ መለየት አላስፈለገም፣ ሽሮና ምስሩን ሁሉም ይበላዋል። ፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፣ ተዝካሩ አባ ይማም ግቢ ተዘጋጀ። እናቴና አባቴ መጡ። ያ የተቀየመው ዘመድ እንኳ መጣ። እኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አባባን በሌላኛው መንገድ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል አዙሬ ወደ መነኸሪያ እንድወስዳቸው ነው። ገና ከበር ስንወጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ብስባቸው ቆሙ። መንገዳችን ይኼ አይደለም አሉኝ። ስሜን የረሳ ሰው መንገዱን አልረሳም። ባናቸውን ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ እየጎተቱኝ ሄዱ።

የአባ ይማም በር ክፍት ነበር። ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። አባባ እያለፉ ሳሉ ቀጥ አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የለቅሶ ቤት አይተው አልፈው አያውቁም፤ ይኼም እንደ መንገዱ እግራቸው ውስጥ የቀረ ነገር መሆን አለበት። ዘወር ብለው ገቡ።

ሽሮ የምታዞር ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። እታገኝ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ልትነሳ ብላ መልሳ ስትቀመጥ አየሁ። አባባ ዙሪያውን አዩና ወዳጃቸውን ለይተው ወደሳቸው ሄዱ።

«ይማም፣ ማን ሞቶ ነው?»

አባ ይማም ቀና ብለው አዩአቸው። አሁን ከተናገሩ አባባ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይወድቃሉ፤ እኛ ቤት ያለው ሙላትም ያልቃል።

«የኔ ነው፣ ተሰማ» አሉ። «ልጅ ሞቶብኝ ነው።»

አባባ ባናቸውን ከትከሻቸው አወረዱና በአባ ይማም ትከሻ ላይ ደረቡት። አጠገባቸው ተቀመጡ። ማን የሚባለው ልጅ አሉ። የአባ ይማም እንባ ጺማቸው ላይ ይወርድ ጀመር።

«ተወው፣ አትጥራው» አሏቸው አባባ። «ሲጠሩት ይብሳል። እኔ ሙላት አለኝ። ሲመጣ ያንተም ልጅ ነው፤ ሁለታችንንም እሱ ይቀብረናል።»

ያ ድንኳን ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። እናቴ ፊቷን አዞረች። አባባ አለቀሱ፤ ግን እንደ በፊቱ አልወደቁም፣ ደረት አልመቱም። ሰው ለወዳጁ እንደሚያለቅስ፣ በልክ፣ የወዳጃቸውን ጉልበት ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸው እታገኝ ላይ አረፈ። በነጠላዋ ተሸፍና፣ በጥቁር ልብስ ውስጥ፣ አላወቋትም።

«ይቺ ልጅስ?»

«እኅቱ ናት» አሉ አባ ይማም።

አባባ እጃቸውን ዘረጉላት። እታገኝ በጉልበቷ እየተሳበች መጣች። ራሷን ይዘው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«አልቅሺ ልጄ፣ ወንድም ነው» አሏት። «አብሽሪ።»

አለቀሰች። ሙላቴ እያለች፣ ወንድምዓለም እያለች፣ የአባቷን ጭን በሁለት እጇ ጨምድዳ አለቀሰች። ስሙን ሰምተው ይነቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አባባ ግን ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ አብሽሪ ብቻ ይላሉ። ልጃቸው መሆኗን ሳያውቁ ነው ያፅናኗት፤ ግን አባቷ ናቸው፣ ያ እጅም የአባቷ እጅ ነው። እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ አጎቴ በሁለቱም ቤት መሞቱ ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ አባባ አንዱንም አያስታውሱም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳቦውን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ቆመዋል። ወጣንና የአባ ይማም በር ጋ ስንደርስ ቆመው፣ ይማም፣ ና እንሂድ ብለው ተጣሩ። ለምን እንደጠሯቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። አባ ይማም ከዘራቸውን ይዘው፣ ምንም ሳይጠይቁ ወጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ።

ሦስታችን ግንዱ ላይ እንቀመጣለን። አባባ ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱትን ያንን ዳቦ ከኪሳቸው አውጥተው ለሦስት ይቆርሱታል። እየበላን እንጠብቃለን። ከደጎሎ በኩል አቧራው ሲነሳ ሦስታችንም ቀና እንላለን፤ ሁለታችን ማንም እንደማይመጣ እያወቅን ቀና እንላለን። ረዳቱ መጨረሻ ይወርድና ዛሬ የለም አባባ፣ ነገ ይላል።

ኢንሻላህ ይላሉ አባ ይማም።